መተንፈስ የምትረሳው ልጃችን

የባለቤቴ እግር ማበጥ የጀመረ ሰሞን ማማ የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አውልቀው ሰጧት። የእሷ አልገባ ብሏት ወጥ ቤት ውስጥ በባዶ እግሯ ስትንጎራደድ አይተዋት ነው። «እርጉዝ ሴት በባዶ እግሯ ሴራሚክ ላይ ከቆመች ብርዱ ልጁ ጋ ይደርሳል» አሉና እሳቸው ራሳቸው በባዶ እግራቸው ወደ ሳሎን ተመለሱ።

«ማማ» የምንላቸው የምንሠራበት ቤት እመቤት ናቸው። ሪያድ ከተማ፣ ዑረይጃ ሰፈር፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አግብተው የወጡላቸው አሮጊት ነበሩ። ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ማለት ነው፣ የወጣው በበኩር ልጃቸው ስም ነው፤ ከፊላችን፣ ማለትም ዋስ የሆነን አሠሪ፣ እሱ ነው። ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ ግን የምናየው አልፎ አልፎ ነበር። እኔ የማማ ሹፌር ነኝ፤ ባለቤቴ የቤቱን ሥራ ትሠራለች። ወሎ ላይ ተጋብተን፣ ለአንድ ቤት ተቀጥረን አብረን የመጣን ባልና ሚስት ነን። ሪያድ ካለው ሐበሻ ይህ ዕድል የገጠመው ጥቂት ነው። የግቢው በር ሥር ያለችው ጠባብ የሹፌር ክፍል ለእኛ ቤተ መንግሥት ነበረች።

ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ገና መያዟ ነበር። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሰባት፣ የሪያድ ብርድ ወጥቶ አቧራው የሚተካበት ወር። ጠዋት መኪና እያጠብኩ ሳለ ማማ ባለቤቴን በብብቷ ደግፈው ከቤት ሲወጡ አየሁ። ጥቁር ዓባያቸውን የለበሱት ገልብጠው ነው፤ ስፌቱ ሁሉ በውጭ ነው።

«ያላ ያ ወለድ» አሉኝ፤ ቶሎ በል ማለታቸው ነው። ወለድ ማለት ልጅ ማለት ነው፤ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላም ለእሳቸው ልጅ ነበርኩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት ባለቤቴን።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ዓይኔ ላይ ደግሞ ኮከብ የመሰለ ነገር ይበራል።»

ስፖንጁን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ሆስፒታል ደርሰን የደም ግፊቷን ከለኩ በኋላ በዙሪያችን በዝግታ የሚራመድ ሰው አልነበረም። አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። ልጁ ዛሬ ካልወጣ ሁለቱም አደጋ ላይ ናቸው» አለኝ።

«ጊዜው ገና ነው እኮ ዶክተር።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ከሆዷ ውጭ ይሻለዋል። እዚህ ትናንሽ ልጆችን የምናሳድግበት ክፍል አለን።»

ባለቤቴን በአልጋ እየገፉ ሲወስዷት እጄን ያዘችኝ። አንድ ትልቅ ነገር ልትነግረኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

«ሩዙን ምድጃ ላይ ጥጄዋለሁ» አለች።

«ምን አለች?» አሉ ማማ። ተረጎምኩላቸው። «አጥፍቼዋለሁ በላት» አሉ። ባለቤቴ ያን ሰምታ ነው እጄን የለቀቀችው።

የወንዶችና የሴቶች መቆያ ለየብቻ ነበር። ማማ ግን ከወንዶቹ መሀል አጠገቤ ተቀመጡ። ዘበኛው መጥቶ ቦታቸው እዚህ እንዳልሆነ ሲነግራቸው መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ «ልጄ ነው» አሉት። ዘበኛው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ሄደ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አረንጓዴ የለበሰች ነርስ በሩን ገፋ አድርጋ «ባባ» አለች። ባባ አባት ማለት ነው። የማን አባት ይሆን ብዬ ዞሬ ወደኋላዬ አየሁ። ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ነው። ማማ በመቁጠሪያው ጀርባዬን መቱኝ። «አንተን ነው» አሉ።

«ሴት ናት። እናትየዋ ደህና ናት። ልጅቷ ኪሎ ከሩብ ናት» አለች ነርሷ።

ኪሎ ከሩብ ስትለኝ የቲማቲም ሒሳብ መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ሲያስፈራኝም ሲያስደስተኝም የምስቅ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ማቆም አቃተኝ። ማማም እያዩኝ ጀመራቸው። መቆያው ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ ምን ተገኘ ብለው ወደ እኛ ዞሩ።

ማሞቂያ ክፍሉን ዐረቦቹ ሐዳና ይሉታል። እጄን እስከ ክንዴ አስታጥበው፣ ጋዋን አልብሰው አስገቡኝ። በየመስታወት ሳጥኑ ውስጥ አንዳንድ ሕፃን ተኝቷል። የእኛዋ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ቆዳዋ ቀይ ሆኖ ከመስሳቱ የተነሣ ደም ሥሯ ከውጭ ይታያል። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ ደረቷ ላይ ሽቦ፣ ራሷ ላይ የብርቱካን ያህል ቆብ። የሐዳናዋ ነርስ በሳጥኑ ጎን ባለው ክብ ቀዳዳ እጄን እንዳስገባ ነገረችኝ። አንድ ጣቴን መዳፏ ላይ አኖርኩ። ያዘችው። እንዴት አድርጋ እንደጨበጠችው ለማንም ብናገር የሚያምነኝ የለም።

ነርሷ ከህንድ ደቡብ የመጣች ነበረች። ዐረብኛውን እሷም ሰባብራዋለች፣ እኔም ሰባብሬዋለሁ፤ ስንነጋገር ግን ስብርባሪው ይገጥምልን ነበር። አጠገቧ ቆሜ ሳለ ማሽኑ ጮኸ። የልጄ ከንፈር ጠቆረ። ደረቷ ቆሟል። ነርሷ ሳትሮጥ እጇን አስገብታ የልጅቷን ውስጥ እግር በጣቷ ኮርኮር አደረገችው። ልጅቷ ተኮራመተች፣ ደረቷ ተነሣ፣ ማሽኑ ዝም አለ።

«ረሳች» አለችኝ ነርሷ።

«ምኑን?»

«መተንፈስ። ያለ ጊዜያቸው የመጡ ልጆች ይረሳሉ። እኛ እናስታውሳቸዋለን።»

«ይሄ የሚረሳ ነገር ነው እንዴ?»

«አንጎሏ ገና ልጅ ነው። እያደገች ስትሄድ ትተወዋለች፤ ኢንሻአላህ» አለች፣ አንገቷ ላይ ከልብሷ ሥር የተደበቀ መስቀል ያላት ሴት።

ባለቤቴን በማግሥቱ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አመጣኋት። ሳጥኑ አጠገብ ስታቆመኝ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደግፋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ልታለቅስ ነው ብዬ ትከሻዋን ያዝኳት።

«አፍንጫህን ወስዳለች» አለች።

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ይሄን ሁሉ አፍንጫ የት ታደርገዋለች? ከሷ እኮ አፍንጫው ይበልጣል።»

ሳቅን። እንባዋ እየወረደ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ «አታስቀኝ፣ ስፌቴ» ትለኛለች፤ የጀመረችው ግን እሷ ናት።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ስትወጣ ልጅቷ ቀረች። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር፤ ያቺን አጭር መንገድ ያህል የረዘመብን መንገድ የለም። ነርሷ ግን ሥራ ሰጥታናለች። ልጅቷ መጥባት ስለማትችል የእናቷ ወተት እየታለበ በቱቦ ይገባላት ነበር። መጀመሪያ ቀን ከስንት ትግል በኋላ የተገኘው የጠርሙሱን ሥር እንኳ አልሸፈነም። ባለቤቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ እያየች «ይሄ ለትንኝ ነው» አለች።

ማማ ጉዳዩን በእጃቸው አስገቡ። አብሽ በወተት እያፈሉ ያጠጧት ጀመር፤ ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ቀትር ላይ አንድ ኩባያ፣ ከከሰዓት ሶላታቸው በኋላ አንድ ኩባያ። ብዙም አልቆየ፣ ባለቤቴ ራሷ አብሽ አብሽ መሽተት ጀመረች። ትራሳችን፣ የመኪናው ወንበር፣ የማማ መጋረጃ ሳይቀር አብሽ ሆነ። ወተቱም ወረደ። የማማ ማቀዝቀዣ በትናንሽ ጠርሙሶች ተሞልቶ ለሥጋ ቦታ ጠፋ።

እኔም ወተት አመላላሽ ሆንኩ። ጠርሙሶቹን በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ደርድሬ፣ ሣጥኑን የፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ ጠዋትና ማታ እነዳለሁ። አንድ ቀን ፖሊሶች መንገድ ዘግተው መኪና ያስቆማሉ። አንዱ ኢቃማዬን አየና መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ጠቆመ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ወተት ነው።»

«የግመል?»

«የሚስቴ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሣጥኑን ከፍቶ የጠርሙሶቹን ትንሽነት አየ። ሐዳና ውስጥ ያለች ልጅ እንዳለችኝ ነገርኩት። ክዳኑን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ገጠመው፣ ከዚያ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ከፊቴ ያሉትን መኪኖች ወደ ዳር እያስወጣ «መንገድ ስጡት፣ የልጅ ወተት ይዟል» ይል ጀመር። እንደ ሚኒስትር አለፍኩ። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነዳሁ።

ዐዚዚያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ የአገሬ ልጅ አለ። ኢቃማ ስለሌለው ሆስፒታል በር ላይ መታየት አይፈልግም፤ ግን ልጅቷን ሳያያት ከእኛ እኩል ያስብላት ነበር። ልብስ ሊገዛላት ብሎ ገበያ ወጣና በየሱቁ የአራስ ልብስ ሲያስወጣ ሁሉም በሱ ዓይን ሰፊ ሆነበት። በመጨረሻ ጋራዡ አጠገብ ስጠብቀው አንዲት አሻንጉሊት ከነካርቶኗ ታቅፎ መጣ።

«ወንድሜ፣ ልጄ እኮ ገና በአሻንጉሊት አትጫወትም» አልኩት።

«አሻንጉሊቷን ማን ሰጠህ?» አለና እዚያው ቆሞ ልብሷን ገፎ፣ ሮዝ ቀሚሷን አጣጥፎ ሰጠኝ። ራቁቷን የቀረችውን አሻንጉሊት መልሶ ካርቶኗ ውስጥ አስገባት። ባለቤቴ ቀሚሱን በፈላ ውሃ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ነርሷን ለምና አለበሰቻት። ልክ ነበር። እንዲያውም እጅጌው ትንሽ ረዝሟል።

ጸበልም ጉዳይ ሆኖብን ነበር። ባለቤቴ ከአገር ቤት የመጣላትን ጸበል በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ሄደች፤ ማማ ደግሞ ከመካ የመጣ የዘምዘም ውሃ ይዘው። ነርሷ ሁለቱንም ከለከለች። ከእናቷ ወተት በቀር ወደ ሳጥኑ የሚገባ ጠብታ የለም አለች። ሁለቱ ጠርሙሶች ዕቃ ማስቀመጫው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። «እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፣ እነሱ ይግባባሉ» አሉ ማማ።

እንዲህ ስንል ባለቤቴ አተኮሳት። ጉንፋን ነው፤ ግን ትኩሳት ያለበት ሰው ሐዳና አይገባም። ነርሷ ብቻዬን ስታየኝ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

«እንግዲያው ዛሬ የአንተ ተራ ነው። ሸሚዝህን ክፈት» አለችኝ።

የሰማሁትን ስላላመንኩ ቆሜ ቀረሁ። ሪያድ ውስጥ ነን፤ ነርሷ ሴት ናት።

«ባባ፣ እዚህ የአንተ ደረት ማሞቂያ ነው። ሌላ ምንም አይደለም» አለችና መጋረጃውን ዙሪያዬን ዘጋችው።

ወንበር ላይ ወደኋላ ተደግፌ ሸሚዜን ከፈትኩ። ልጅቷን ከነሽቦዋ አውጥታ፣ ከዳይፐሯና ከቆቧ በቀር ምንም ሳይኖርባት፣ ደረቴ ላይ በሆዷ አስተኛቻትና በብርድ ልብስ ሸፈነችን። ጫጩት ያዝኩ ብል ይቀላል። ክብደቷ ሳይሆን ሙቀቷ ነው የተሰማኝ። ትንሽ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ የደረቴን ፀጉር በእፍኟ ጨብጣ ጎተተችው። አመመኝ። ሳቅ መጣ። ልይዘው ስሞክር ባሰ፤ ደረቴ እየተነሣ ሲወድቅ ልጅቷም አብራ ትነሣለች፣ ትወድቃለች።

«ባባ፣ ጀልባ ላይ ያለች መሰላት እኮ» አለች ነርሷ።

«ማቆም አልቻልኩም።»

«ተወው እንግዲህ። ቁጥሩን ተመልከት።»

ማሽኑ ላይ የልጅቷን ኦክስጅን የሚያሳየው ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ ከፍ ዝቅ ሲል ነበር። አሁን ወጥቶ እዚያው ቆሟል። ነርሷ ሌላዋን ነርስ ጠርታ አሳየቻት። ሁለቱ በህንድኛ ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ግን ፊታቸው ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም። እግሬ ደነዘዘ፣ ውሃ ጠማኝ፣ ማማን ለራሳቸው ምርመራ ካደረስኳቸው ሌላ ሐኪም ቤት የማነሣበት ሰዓት አለፈ። አልተነሣሁም። ማማ በታክሲ ነው የገቡት፤ ምክንያቱን ስነግራቸው የተቆጡት እኔም እንዳይ ለምን አልጠራኸኝም ብለው ነው።

ባለቤቴ ክፍላችን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጠበቀችኝ።

«ንገረኝ፣ ምን ትሸታለች?» አለችኝ። እሷ ገና አላቀፈቻትም ነበር።

ምን ልበላት? «ንጹሕ ንጹሕ ትሸታለች» አልኳት። «ትንሽ ደግሞ አብሽ።»

ትኩሳቷ ለቆ ራሷ ልታቅፋት የተዘጋጀችበት ቀን ነው የልጅቷ ሆድ የተነፋው። ስንደርስ ወተቱን አቁመውባታል። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ራጅ አነሷት፤ የማናውቃቸው ሐኪሞች መጥተው ከበቧት። ሱዳናዊው ሐኪም አንጀቷ እንደተቆጣ፣ መድኃኒት እንደጀመሩላት፣ ካልተሻላት ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ እንደሚችል ሳይደባብቅ ነገረን። ይህን ያህል አካል በቢላ ሲነካ ማሰብ አቃተኝ። ያን ቀን አልሳቅኩም።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሞተሩን ሳላስነሣ ተቀመጥን። አቧራ ተነሥቶ ከመስታወቱ ማዶ ሁሉም ነገር ቡናማ ሆኗል።

«ብትሄድብኝ ሰው ምን ብሎ ይጠራኛል?» አለች ባለቤቴ።

«እናት ነሻ።»

«የማን?»

«የእሷ።»

እጇን ሰጠችኝ። ቤት ስንገባ ማማ መስገጃቸውን አንጥፈው ቆዩን። ባለቤቴ የማርያምን ሥዕል ስልኳ ላይ ከፍታ ወጥ ቤት ጥግ ቆመች። እንዳያዩባት ብላ ልትደብቀው ስትል ማማ «ማርያም እኛም ቁርአን ውስጥ አለች። ንገሪያት» አሏትና ወደ መስገጃቸው ተመለሱ። በዚያ ሁሉ መሀል ወተቱን ማለቡን አላቋረጠችም። የሚጠጣው በሌለበት ጠርሙስ ትሞላለች፣ ቀን ትጽፍበታለች፣ ማቀዝቀዣ ትከተዋለች።

ጭንቀቱ ቀናት ወሰደ። አንድ ጠዋት ሦስታችን ሐዳና በር ላይ ስንደርስ ነርሷ ቆማ ትጠብቀናለች። ገና ከሩቅ ስናያት ባለቤቴ ወደኋላ ቀረች። ነርሷ ግን ፊቷ በርቷል፤ ጓንት ባደረገ እጇ የተከፈተ ዳይፐር እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ተመልከቱ» አለች።

ተመለከትን። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አላየሁም። ሐኪሙም መጥቶ የልጅቷን ሆድ በጣቶቹ ዳስሶ እንደለሰለሰ፣ አንጀቷ ሥራ እንደጀመረ ነገረን። ቢላው ቀረ። ባለቤቴ በግድግዳው ተንሸራታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና እስኪያስላት ሳቀች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ወሎ ወደምትኖረው አማቴ ደወልኩ።

«እማምዬ፣ ልጅቷ ካካ አለች።»

«ምን አለች?»

«ካካ። ሆዷ ተፈታ።»

ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሣ ስል እልልታው መጣ። ጎረቤቶቿ በእልልታው ተጠራርተው ሲገቡ «ደግማ ወለደች እንዴ?» ሲሏት ይሰማኛል። «የለም፣ የልጅ ልጄ ካካ አለች» ስትላቸውም ሰማሁ። እልልታው ባንዴ በዛ፤ ግቢው ሙሉ ሴት ነው የመሰለኝ።

ማማ ዞር ብለው ጠፍተውብን ነበር። ከሆስፒታሉ ሱቅ አንድ ትልቅ ካርቶን ተምር ገዝተው መጡና ኮሪደሩ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ ማደል ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ሳውዲ ተምሩን ተቀብሎ «ማብሩክ፣ ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ካካ ነው» አሉት ማማ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰበና «ማሻአላህ» ብሎ ሁለተኛ ተምር ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቁልቁለት ሆነ። ወተቱ በጠብታ ተጀምሮ እየጨመረ ሄደ። ባለቤቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ ያቀፈቻት ቀን ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ የሠፈሯን ወንዝ፣ የአክስቷን ሠርግ፣ የማማን ቆጣ ቆጣ ማለት ሁሉ በሹክሹክታ ስትነግራት ዋለች። ልጅቷ ቱቦዋ ወጣላት፣ ጡጦ መያዝ ለመደች፣ ጉንጭ አወጣች። የቀረው መርሳቷ ብቻ ነው። ከሐዳና ለመውጣት የተወሰኑ ቀናት ያለ አንዲት መርሳት ማለፍ አለባት፤ መሀል ላይ አንዴ ከረሳች ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን ስንቴ ማሽኑ ጮኸብን።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንዳትረሺ» ትላታለች ባለቤቴ በየማለዳው።

«አደራ፣ የማማ አብሽ ሳያልቅ ውጪልን» እላታለሁ እኔ።

ቆጠራው ሳይቋረጥ የሞላ ቀን ነርሷ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ከደረቷ ላይ ላጠችና ማሽኑን አጠፋችው። ክፍሉ ለእኛ ብቻ ጸጥ አለ።

«ያለ ማሽን እንዴት እናውቃለን?» አለቻት ባለቤቴ።

«ዓይን አላችሁ። አሁን ደግሞ እሷም ታውቃለች» አለች ነርሷ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ፤ አንዷ በአማርኛ ትመርቃለች፣ ሌላዋ በህንድኛ ትመልሳለች፤ ዐረብኛውን ሁለቱም ረስተውታል።

ወደ ቤት ስንመለስ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። ባለቤቴና ማማ ከኋላ፣ ልጅቷ በመሀላቸው በሕፃን ወንበሯ ታስራ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። ሺፋ በሚባለው መንገድ ላይ ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲያንባርቅብን ማማ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አወጡና «አራስ ይዘናል፣ ዙር» አሉት። ሹፌሩ ምን እንደተባለ አልሰማም፤ ግን የአሮጊቷን እጅ አይቶ ዞረ።

በዓመቱ ለምርመራ ስንወስዳት ሱዳናዊው ሐኪም ሳንባዋን አዳምጦ «ሚያ ሚያ» አለ፤ መቶ በመቶ ማለቱ ነው። ልጅቷ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ነጥቃ አፏ ከተተችው። በዚያው ሰሞን መራመድ ጀመረች። ከእኩዮቿ ትንሽ ዘግይታለች፤ ከጀመረች በኋላ ግን የሚይዛት አልተገኘም።

ከሐዳና በወጣችበት ዕለት ግን ገና ኩርምት ያለች የጨርቅ ጥቅል ናት። ቤት ስንገባ ባለቤቴ እንደልማዷ ወደ ወጥ ቤት ልትሄድ ስትል ማማ ከለከሏት። ዛሬ በዚህ ቤት ሥራ የለም አሉ። ከምግብ ቤት ሩዝና ሥጋ በትልቅ ትሪ አስመጡ፤ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ፕላስቲክ አንጥፈው ትሪውን መሀል አደረጉና «ተቀመጡ» አሉን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከእሳቸው ጋር ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም። ባለቤቴ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ማማ አየሁ። ማማ ሥጋውን እየቆረሱ በእኛ በኩል ማስቀመጥ ጀምረዋል።

ተቀመጥን። ልጅቷን ከጎናችን ትራስ ላይ አስተኛናት። ገና አንድ አንድ ጉርሻ እንዳነሣን ያቺ ስታለቅስ እንኳ ድምፅ የማይወጣት ልጅ አፏን ከፍታ ሳሎኑን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀችው። ሦስታችንም ሩዝ በጨበጠ እጃችን ባንዴ ብድግ አልን።

«እኔ እይዛታለሁ» አሉ ማማ።

«እጅዎን ይታጠቡ መጀመሪያ» አለቻቸው ባለቤቴ። እመቤቷን ስታዝ ያየኋት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ማማ ሩዙን ከጣቶቻቸው እያራገፉ ወደ መታጠቢያው ሄዱ።